ሰው የተጫወተው የቱ ነው?

የትርሲት ደምሰው የሥራ መደብ «ጆሮ» ይባላል። የሰፈሯ ሰው ግን ጆሮ ጠቢ ይላታል፤ ሙዚቃ ሰምቶ ደመወዝ የሚበላ ሰው አለ ብሎ የሚያምን ጎረቤት እስካሁን አልተገኘም።

ጠዋት ከገርጂ ታክሲ ትይዛለች። ታክሲው ሾፌርም ረዳትም የለውም፤ በሩ ላይ ግን «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው!» እያለ የሚጣራ የረዳት ድምፅ አለ። መጀመሪያ ያለ ድምፅ ሞክረውት ነበር አሉ። ሕዝቡ ቆሞ ሲያየው ቆየና በእግሩ ሄደ፤ የአዲስ አበባ ሰው ሳይጠሩት አይገባም። ድምፁ በሕይወት የሌለ የአንድ ልጅ ነው የሚሉ አሉ፣ የማንም አይደለም የሚሉም አሉ። ትርሲት ሥራዋ ይህንኑ መለየት ሆኖ ሳለ እርግጠኛ አይደለችም።

ለቅሶ ቤትም ያው ነው። ድንኳን ስትገባ ሟቹ ራሱ፣ በገዛ ድምፁ፣ «ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይቀበላታል። እሷም «ነፍስ ይማር» ብላው ትቀመጣለች። መጀመሪያ ሰሞን አሮጊቶች ይደነግጡ ነበር። አሁን ድምፁ ያልተሠራለት ሬሳ ከተገኘ ቤተሰቡ ይታማል፣ «ምን ቢጨክኑ ነው!» ይባላል።

የምትሠራበት ቤት በወረቀት ላይ ረጅም ስም አለው፤ ሰው የሚያውቀው ግን «ድምፅ ጎተራ» ብሎ ነው። ከሕንፃው ሥር ባሉት አዳራሾች በዚህች አገር የተቀዳ ድምፅ ሁሉ ተከማችቷል። መሣሪያዎቹ እንዳይግሉ ውሃ ይጠጣሉ፣ እነሱ የሚጠጡትን ውሃ ደግሞ ሰው ይፈልገዋል። ገርጂ ባለፈው በጋ በፈረቃ የሚመጣው ውሃ እንኳ ጠፍቶ ሰው በጀሪካን ሲጋፋ፣ አንድ ባለሥልጣን ወጥቶ «የሞተ ሰው ዘፈን ነው ወይስ የልጆቻችሁ ጉሮሮ?» ብሎ ጠየቀ። ምን ተብሎ ይመለሳል? ጎተራውም እየጎደለ እንዲሄድ ተወሰነ።

አጎዳደሉ እንዲህ ነው። «አስታዋሹ» የሚባለው መሣሪያ አንድን ቅጂ ይሰማና በጥቂት ቃል ይገልጸዋል። ከዚያም ከመግለጫው ተነስቶ እንደ አዲስ ይሠራዋል። ሦስት ጆሮዎች፣ በተለያየ ክፍል ተቀምጠው፣ ሁለቱን ቅጂ ይሰማሉ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አይነገራቸውም። ብዙዎቹ «ሰው የተጫወተው ይሄ ነው» ያሉት ይቀራል፣ ሌላው ይደፋል። መደፋት የመሥሪያ ቤቱ ቃል ነው፤ የተረፈ ውሃ ከባልዲ እንደሚደፋ ማለት ነው።

ተሳስተው ቢሆንስ? የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ብሩክታዊት አዲስ ተቀጣሪ ይህን በጠየቃቸው ቁጥር በትዕግሥት ፈገግ ይላሉ። «ሰው ካልለየው ልዩነት የለውም፤ ከሌለ ደግሞ የጠፋ ነገር የለም» ይላሉ። ጆሮዎች ልክ ይሁኑ ይሳሳቱ አይነገራቸውም፤ ከተነገራቸው ዘዴውን ይማራሉ ተብሎ ነው። ትርሲት በሥራ ዘመኗ ስንቱን እንዳዳነች፣ ስንቱን እንደደፋች አታውቅም። በሰላም እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። ሰው የማያውቀው አይቆረቁረውም።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ማክሰኞ የደረሳት ቅጂ እንደወትሮው ስም አልነበረውም። የተነገራት ሙሉ ኦርኬስትራ መሆኑ፣ አራት ክፍል ያለው ሲምፎኒ መሆኑ፣ በሕዝብ ፊት አዲስ አበባ መቀዳቱና የክፍሎቹ አካሄድ ብቻ ነው። ዓይነቱ ከኋለኛው የሮማንቲክ ዘመን ነው፤ ደራሲዎች መቶ ሙዚቀኛ ሰብስበው አንድ ሰው የሚያስለቅሱበት ዘመን። ሦስተኛው ክፍል ሆታ ነው፤ አራተኛው ግን ቀስ እያለ፣ እየደከመ፣ በአንድ ክላርኔት ትንፋሽ ያልቃል። ይህን ስትሰማ ትርሲት ከወንበሯ ተነሳች።

አባቷ ደምሰው ክላርኔት ነፊ ነበር። ይህች ከተማ አንድ ሰሞን የራሷ ሙሉ ኦርኬስትራ ነበራት፤ ኦርኬስትራው እንዲህ ያለ ሲምፎኒ ያቀረበው አንዴ ብቻ ነው። ትርሲት ያኔ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረች። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ እናቷ ሆስፒታል ውስጥ ድንገት አረፈች። ሙዚቀኞቹ ስልካቸውን አስረክበው አዳራሽ ገብተው ስለነበር ወሬው የደረሰው ማታ፣ በዕረፍቱ ሰዓት ነው። ከደምሰው በቀር ሁሉም ሰማ፣ ሁሉም ደበቀው። ሲምፎኒውን ተጫወቱ።

ከዚያ ወዲህ ደምሰው ክላርኔት አልነካም። ትርሲት አባቷ ሲነፋ አንድም ቀን ሳትሰማ አደገች፣ በሃያ ዓመቷም ቀበረችው። ስለዚያ ማታ የነገረቻት ያሳደገቻት አክስቷ ናት። «ኦርኬስትራው በሙሉ እያለቀሰ ነው የተጫወተው፣ እሱ ብቻ ነበር ያላወቀው» ትላት ነበር። አክስቷ አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም፤ ሆስፒታል፣ ሬሳው ጋ ነበረች። ትርሲት ግን ይህን ታሪክ ስትሰማ ስላደገች ማን አየ፣ ማን ሰማ ብላ አልጠየቀችም።

የሥጋ ዘመዷ ያለበት ቅጂ የገጠማት ጆሮ ራሷን እንድታገል ደንብ አለ። ብታገል የሚተካት ናታን ነው፤ ናታን ደግሞ ምሳው ሳይደርስ የቀኑን ሥራ ጨርሶ ቼዝ የሚጫወት ልጅ ነው። የአባቷን ትንፋሽ ለናታን አሳልፋ ልትሰጥ? ጫማዋን አወለቀች፣ በሩን ዘጋች፣ ሁለቱን ቅጂዎች ተራ በተራ ከፈተች።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ምንም አልነገሯትም። ሁለቱም ላይ ሰው ይስላል። ድሮ ሳል የሰው ምልክት ነበር፤ አስታዋሹ ግን ሳልን ከተማረ ቆይቷል፤ የወንበር መንቋቋትም፣ የጣሪያ ዝናብም፣ የአንድ ቀንድ ነፊ የተሳሳተ ድምፅም ይችላል። ሦስተኛው ክፍል በሆታ ሲዘጋ ሁለቱም ላይ አዳራሹ ያለቀ መስሎት ጨበጨበ፣ ከላይ በረንዳው በኩል አንዲት ሴት እልል አለች። አስታዋሹ እልልታዋን እንኳ አልረሳም። ትርሲት ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀች። ፍርዱ ያለው አራተኛው ላይ ነው።

በአንደኛው ቅጂ ቫዮሊኖቹ እኩል አልገቡም። ከኋላ ያለ አንድ ሰው ዘገየ፣ ቀስቱ ገመዱ ላይ ተንቀጠቀጠ። አካሄዱ ከባድ ነው፤ ሐረጉ ሁሉ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይንጠለጠልና ይወድቃል። ቼሎዎቹ ድምፃቸው ወፍሮ የታፈነ ነው፣ መሐል ላይ አንድ ሰው አፍንጫውን ሳበ። የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፣ አለች ትርሲት በሆዷ። እያወቁ ነው የሚጫወቱት። መጨረሻ ላይ ሁሉም ዝም አለና ክላርኔቱ ብቻውን ቀረ። ከመንፋቱ በፊት ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል። ከዚያ ያቺን ረጅም ዜማ ነፋት፣ እያነሰች፣ እያነሰች፣ የቱ ጋ እንዳበቃች እስከማይታወቅ ድረስ። ትርሲት «አባዬ» አለች፣ ጮክ ብላ። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር።

ሁለተኛውን የከፈተችው ሥራ ስለሆነ ብቻ ነው። አራተኛው ክፍል ገና ሲጀምር ፈጠነ። ቫዮሊኖቹ እኩል ገቡ፣ ደረቅ ናቸው፣ ምንም አይንጠለጠልም። አሳዛኙ ዜማ ላይ ሲደርሱ ሠርግ የረፈደባቸው ሰዎች ይመስል ተሻምተው አለፉት። ከሁሉ የባሰው ክላርኔቱ ነው። እሱ ሊያዘገይ ይጎትታል፣ ኦርኬስትራው ጥሎት ይሄዳል፤ ይደርስባቸዋል፣ እንደገና ይጎትታል። እርስ በርሳቸው አይሰማሙም። ከሁለት የተለያየ ቦታ ተቆርጦ የተሰፋ ይመስላል፣ አስታዋሹ አንዳንዴ እንዲህ ሲያደርግ ታውቃለች። «ሐዘን ምን እንደሆነ የማያውቅ ነገር» አለችና ሳይጨርስ ዘጋችው። ያን የመጨረሻ ብቻውን የሚነፋበትን ቦታ አልሰማችውም። የአባቷን ዜማ ማሽን ሲነፋው መስማት አልፈለገችም።

ድምፅ መስጫው ላይ ጎንበስ ብላ «ሰው የተጫወተው አንደኛው ነው» አለች። የመስጫው መብራት ወዲያው ጠፋ። የመጨረሻዋ ፈራጅ ስትሆን ነው ወዲያው የሚጠፋው።

ኮሪደሩ ላይ ወይዘሮ ብሩክታዊት አገኟት። ዓይኗን አይተው አልፈው መሄድ አልቻሉም።

«ምነው ትርሲት? አመመሽ?»

«ደህና ነኝ። አለቀ እንዴ ያ ሲምፎኒ?»

«አለቀ። ሁለቱ ተለያይተው አንቺን ነበር የምንጠብቀው። ግሩም ነገር ነው አይደል? የቀረውን ለሕዝብ ከፍተነዋል፣ ከፈለግሽ ወደ ቤትም ይዘሽው ሂጂ።»

«ሌላውስ?»

«ሌላው ተደፋ» አሉ ወይዘሮ ብሩክታዊት። ሰዓታቸውን አይተው ወደ ስብሰባ ሄዱ።

ትርሲት ያን ቀን ደስ ብሏት ዋለች ቢባል ሐሰት አይደለም። ስንት ዓመት ስትመኘው የኖረችውን ነገር በገዛ ጆሮዋ አድናለች። ይህን የምታካፍለው አንድ ሰው ብቻ ነበራት፤ ጋሽ ኅሩይ። በዚያ ኦርኬስትራ ውስጥ ደብል ቤዝ፣ ያን ቆመው የሚጫወቱትን ትልቁን ባለ ገመድ፣ ይጫወቱ የነበሩ ሰው ናቸው። ከዚያ መድረክ በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ኮዬ ሄደች። የሊፍቱ የመብራት ተራ ስላልነበረ በደረጃ ወጣች።

ጋሽ ኅሩይ በሩን ከፍተው ግንባሯን ሳሟት። ዕድሜያቸው ዘጠናን ተሻግሯል፣ ጣቶቻቸው ግን አሁንም ወፍራም ናቸው። ቤታቸው ውስጥ የተሠራ ድምፅ የለም። ሚስታቸው የሞቱ ጊዜ ልጆቻቸው የእናታቸውን ድምፅ አሠርተው ቢያመጡላቸው፣ «ሃምሳ ዓመት ስትጨቀጭቀኝ ኖራ ገና አሁን ጸጥ አለች፤ ተዉኝ» ብለው መልሰውታል። ማታውን ሙሉ ሲያለቅሱ እንደነበር ግን ጎረቤት ሰምቷል።

«ጋሼ፣ ያን ሲምፎኒ አገኘሁት» አለቻቸው ገና ሳትቀመጥ። «ሊደፋ ነበር፣ እኔ አዳንኩት!»

አላመኗትም። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ተቀመጡና ከፈተችላቸው። ከሦስተኛው ክፍል ጀመረች። ሽማግሌው በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ይከተሉ ጀመር፣ ቤዙ የሚገባበት ቦታ ላይ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ከበረንዳው እልልታው ሲመጣ ሳቁ።

«የጥሩምባ ነፊያችን እናት ናት! ‘እማዬ፣ ገና አላለቀም’ ብሎ ከመድረክ በእጁ ሲያስቆማት...»

አራተኛው ክፍል ገባ። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ቆመ። ትርሲት የሚያለቅሱ መስሏት እሷም ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ክላርኔቱ አለቀ።

«ቆንጆ ነው» አሉ በመጨረሻ። «በጣም ቆንጆ ነው። የማን ኦርኬስትራ ነው?»

«የእናንተ ነው እንጂ ጋሼ!»

«እኛ አይደለንም።»

«እንዴት? ኧረ እልልታውን አሁን ራስዎ...»

«እልልታው የኛ ነው። ይሄ ልቅሶ ግን የኛ አይደለም። እኛ አላለቀስንም’ኮ ልጄ።»

ትርሲት ሁለት ቅጂ እንደሰማች፣ አንዱ የማሽን እንደነበረ ነገረቻቸው፤ የአክስቷንም ታሪክ። «ሁሉም እያለቀሰ ነው የተጫወተው ተብያለሁ» አለች። ጋሽ ኅሩይ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«አክስትሽ አስካለ ነች እንዲህ ያለችሽ? እሷ የት አየችን! ስሚ። ሲምፎኒው ሊጀመር ሲል ዕረፍት ነበር። አባትሽ ሲጋራውን ይዞ ወጣ። መሪያችን ልዑልሰገድ በሩን ዘጋና ነገረን። አንዷ ቫዮሊን ተጫዋች ልትጮህ ስትል አፏን በእጁ ያዛት። ‘አደራ’ አለን። ‘ደምሰው ጆሮ አለው። አራተኛው ክፍል ላይ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ድምፁ ከተንቀጠቀጠ ነገርነው ማለት ነው። በጨለማ፣ በመድረክ ላይ፣ ከዘመዱ ተለይቶ አይሰማውም። ሲነጋ ሄደን እናረዳዋለን። እስከዚያ እንደ ሠርግ ተጫወቱት!’ አለን።»

«እንደ ሠርግ» አለች ትርሲት።

«እንደ ሠርግ! ሕዝቡ ተሳስቶ ሲያጨበጭብ ልዑልሰገድ ፊቱን ወደኛ አድርጎ በከንፈሩ ‘ሩጡ’ አለን። ሮጥን። ያን የመሰለ ሙሾ፣ እንባ ዓይናችን ላይ ሳይደርስ ልንጨርሰው ሮጥንበት። እንዳያውቅብን ነዋ! አባትሽ ግራ ገባው። እሱ ቀስ በሉ ብሎ ይጎትታል፣ እኛ እንገፋዋለን። ዘወር እያለ ያየን ነበር። አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየውም።»

ትርሲት ተነስታ ቆመች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ሁለተኛው ቅጂ ላይ ያ ክላርኔት ሲጎትት፣ ሲቀር፣ ሲደርስባቸው ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ከሁለት ቦታ ተቆርጦ የተሰፋ ብላዋለች። አባቷን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ያኔ ነበር፣ ሰምታም ንቃዋለች።

«መጨረሻ ላይ ብቻውን የሚነፋት አለች» አሉ ጋሽ ኅሩይ። «እሷን ማንም ሊያስሮጠው አልቻለም። በእኛ ስለተናደደ መሰለኝ፣ እንደልቡ፣ ቀስ አድርጎ ነፋት። የዛሬው ማሽን እንደነፋው አይደለም፣ እሱስ ይለማመጣል። አባትሽ ግን ተቆጥቶ ነው የነፋት። እኔ ቀስቴን ነክሼ ሰማሁት። ሲያልቅ መድረክ ጀርባ መጥቶ ሰደበን። ‘ምን ነካችሁ? ገደላችሁት’ኮ!’ አለ። ማን ይመልስለት? ቢራ ጋበዝነው፣ ቀልድ አወራንለት። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ማታ ቀልጄ አላውቅም። ከበን አደርንና ጎህ ሲቀድ አረዳነው።»

ጋሽ ኅሩይ የመስኮቱን መጋረጃ ገለጥ አደረጉ።

«ልዑልሰገድ በአጨዋወታችን አፍሮ ቅጂውን ሊያጠፋው ነበር። አባትሽ ነው እግሩ ላይ ወድቆ ያስቀረው። ‘ይሄን ያህል ማን ወዶኝ ያውቃል?’ አለ። ክላርኔቱንም የተወው ለዚያ ነው፣ ከዚያ በኋላ ምን እነፋለሁ ብሎ።»

ከታች ታክሲ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» እያለ አለፈ። ጋሽ ኅሩይ እስኪርቅ ጠበቁ። ፊታቸው ላይ ድንገት የልጅ ጉጉት መጣ።

«በይ አሁን የኛን ክፈችልኝ። ያን የተበላሸውን። ሳልሞት አንዴ ልስማው፣ እስቲ ምን ያህል እንደሮጥን...»

ትርሲት አፏን ከፈተች። ሌላው ተደፋ ማለት ቀላል ነው፤ መሥሪያ ቤት በቀን ስንቴ ትለዋለች። ማን እንደደፋው መናገር ነው ያቃታት። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ ሽማግሌው አዩዋት። ጉጉቱ ከፊታቸው ቀስ እያለ ወረደ።

«ተይ» አሉ እጃቸውን ቶሎ አንስተው። «አሁን ምንም እንዳትነግሪኝ።»

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ...»

«ተይ አልኩሽ! እየመሸ ነው፤ መርዶ በዚህ ሰዓት አይነገርም። እዚሁ እደሪ። ሲነጋ ትነግሪኛለሽ።»

ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱና ሻይ ጣዱ። ጀርባቸውን ሰጥተዋት ስለ ጥሩምባ ነፊው እናት አንድ የሚያስቅ ወሬ ጀመሩላት፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እየፈጠኑ። ትርሲትም ሳቀችላቸው።